የይማም ሦስት ሥራ በአንድ ቃል

የዚያን ሐሙስ ጧት በረዶ ጣለ። በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የመቀሌ ገበያ ሜዳ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ሆኖ ቆየና ፀሐይ ብቅ ስትል ወዲያው ጭቃ ሆነ። ከእንዳ እየሱስ ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ሞልቶት ነበር። እናቴ ብርቄ ነጠላዋን በላዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ በጀርባዋ አዝላ ወደ እንግሊዞቹ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ መታዘል ያሳፍራል፤ እኔ ግን ለማፈር እንኳ አቅም አልነበረኝም። ሐኪሙ በዚያ ቀን መጥቶ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ይቆረጥ ወይስ ይቆይ እንደሆነ ሊወስን ነበር።

በየቀኑ ቁስሌን የሚያጥበውና የሚያስረው ሰው ይማም ይባላል። ስለ እሱ የምጽፈው ሌላ ማንም ስለማይጽፍለት ነው። እኔም ብዙ አልተማርኩም፤ ከሁለተኛ ክፍል ቀርቼ፣ የቀረውን እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ ነው የሞላሁት።

ይማም የወሎ ሰው ነው፤ ከሐይቅ በታች ካለች መንደር። አባቱም አያቱም ቆዳ አልፊዎች ነበሩ። እሱም በልጅነቱ የበሬ ቆዳ ወጥሮ ሥጋውን መፋቅ፣ ጠጉሩን ማንሳት፣ ቅባት እየቀባ በእግሩ ረግጦ ማለስለስ ተምሯል። ሥራውን አይጠላውም ነበር። የጠላው «ፋቂ» መባሉን ነው። ሠርግ ቤት ሲሄድ ከበሩ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ጣልያን መጥቶ በመቀሌ በኩል የመንገድ ሥራ አለ ሲባል ሚስቱን ዙሀራን ይዞ ወጣ።

መንገድ ላይ ድንጋይ ሲሸከም ቆይቶ፣ ሌሎቹ «ማስትሮ»፣ የሙያ አለቃ፣ የሚሉት አንድ ሽማግሌ ጣልያን እጁን አየለትና መሮና መዶሻ ሰጠው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ድንጋይ ጠረበ። የመቀሌን ብጫ ድንጋይ ገና በመዶሻ ቆርቆር ሲያደርገው ከድምፁ ስንጥቅ ያለበትንና የሌለበትን ይለይ ነበር ይላሉ። ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ ግንባታውም አብሮ ቆመ። ይማም ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ከሐይቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የወንድሞቹን መልእክት ያደርሱለት ነበር። «ያ የማይረጋ ሰው አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» ነበር የሚሉት። ዙሀራም አትምረውም። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣

«የእኔ ባል ሥራ እንደ ሸሚዝ ይቀያይራል፤ ሸሚዙን ግን አይቀይርም» ትል ነበር።

ይማም ይስቃል። ነገር ግን ነገሩ እንደሚቆረቁረው በኋላ እሷው ራሷ ነግራኛለች።

በ1934 ጥቅምት ላይ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በአሮጌ የጣልያን መጋዘን ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ። ይማም የፈረሰውን ግድግዳ እንዲጠግን ተጠራ። አንድ ቀን አንድ ተሸካሚ ጣቱን ድንጋይ ጨፈለቀው። ይማም ጥምጣሙን ቀደደ፣ ሁለት ቀጭን እንጨት ላጠ፣ የሰውየውን ጣት አቃንቶ አሰረለት። ሐኪሙ በመስኮት ሲያይ ነበርና ወጥቶ እስራቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ አስተርጓሚውን ከፋለን ጠራ።

ከፋለ የሸዋ ልጅ ነው፤ በስደት ሱዳን ቆይቶ እንግሊዝኛ የተማረ፣ ኮቱን በፀሐይም የማያወልቅ ወጣት።

«ከዚህ በፊት ምን ሠርተሃል ይልሃል» አለው።

«ድንጋይ ጠርቤአለሁ። ከዚያ በፊት ቆዳ አልፍቻለሁ።»

ከፋለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሐኪሙ ሳቀ። ይማም ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አሳቀው? ፋቂነቴ ነው ያሳቀው?»

«ኧረ አይደለም፣ ይማም። በነሱ ቋንቋ ድንጋይ መጥረቡም ድሬስ ነው፣ ቆዳ ማልፋቱም ድሬስ ነው። አሁን የሚቀጥርህ ደግሞ ቁስል ድሬስ እንድታደርግ ነው። ‹ይህ ሰው ሥራ ቀይሮ አያውቅም› ነው የሚለው።»

ይማም ይህን ታሪክ ለእኔ ብቻ ሃያ ጊዜ ያህል ነግሮኛል። በነገረኝ ቁጥር እዚህ ቦታ ሲደርስ ጨርቁን ከእጁ ያስቀምጥ ነበር። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ዙሀራን፣

«ሥራ ቀይሬ አላውቅም እኮ» አላት።

«ጤናህን ነው?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ቃል አልለቅም አለ። ከፋለ አንድ መዝገበ ቃላት ነበረው፤ ቃሏ አንድ ዓምድ ሙሉ ይዛለች። ይማም ማንበብ ባይችልም በየዕረፍቱ ሄዶ «ዛሬ ሌላ ተገኘ?» ይላል። በክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ወታደሮች ሰልፍ ሲለማመዱ አለቃቸው በእንግሊዝኛ ሲጮህ ያችኑ ቃል ሰማ። ወታደሮቹ በሙሉ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው ትከሻ ለትከሻ ተስተካከሉ። ሮጦ ወደ ከፋለ ገባ።

«ወታደሩንም ድሬስ አደረገው!»

«አዎ፣ ሰልፍ ማስተካከልም ነው።»

የሐኪሙ ወጥ ሠሪ ሰላጣ ላይ ዘይትና ሆምጣጤ ሲያደርግ ያችው ቃል ተነሳች። የሴት ቀሚስም እሷው ናት። ይማም አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስብ ቆየና አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ።

«ከፋለ፣ ይቺ ቃል ትወስዳለች ወይስ ትሰጣለች? ከድንጋይ እቀንሳለሁ። ከቆዳ እፍቃለሁ። ቁስል ላይ ግን እጨምራለሁ፣ ሴትዮዋም ቀሚሱን ትደርባለች እንጂ አታወልቅም። አንድ ቃል እንዴት ወስዳም ሰጥታም ትኖራለች?»

«እኔ ምን አውቄ! ቃል ነው በቃ። አንተ የምታክመው ሰው የለህም እንዴ?» አለው ከፋለ። ግን እሱንም ሳይከነክነው አልቀረም፤ ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ የድሮ ፍቺዋ ማቅናት ነው፣ ነገሩን ሁሉ ወደሚገባው ማምጣት ነው አለ። ከፋለ ይህን ሲነግረው ይማም ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው አስቸጋሪው ቃሉ አይደለም» አለ። «አስቸጋሪው፣ ነገሩ ምን እንደሚገባው ማወቁ ነው።»

እኔ ወደ እጁ የመጣሁት በዚህ ጊዜ ነው። ሚያዝያ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣልያን ጥሎት የሄደ እሾሃማ ሽቦ ቁርጭምጭሚቴ አጠገብ ቧጠጠኝ። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ገበያ ውስጥ ክርና መርፌ ትሸጣለች። ቅጠል አሰረችልኝ፣ ቅቤ ቀባችልኝ፣ ጸበል ወሰደችኝ። ቁስሉ ግን እየሰፋ ሄደ፤ ሰኔ ላይ መዳፍ አከለ፤ ሽታውን ራሴም መቋቋም አቃተኝ። የክፍል ጓደኞቼ መጀመሪያ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በኋላ እኔው ቀረሁ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ይማም ቁስሉን ሲያየው ፊቱን አላዞረም። ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነበር።

«ስምሽ ማነው የኔ እናት?»

«ሸዋወርቅ።»

«አብሽሪ ሸዋወርቅ። ከዚህ የባሰ ድንጋይ አይቻለሁ።»

እናቴ ደነገጠች። «ድንጋይ? ልጄ እኮ ናት፣ ጋሽ ይማም!»

«አውቃለሁ እትዬ ብርቄ። ድንጋይ ብትሆን አትጮህብኝም ነበር።»

በመጀመሪያው ሳምንት ጥፋት አጠፋ። የቁስሉ ዳር ወጣ ገባ ነበር፤ ይማም ደግሞ ወጣ ገባ ዳር ማየት አይችልም። የሞተውን ሥጋ ሲያነሳ እጁ ለምዶበት ደህናውንም ጨምሮ አንዱን ጎን ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ጩኸቴ ገበያ ድረስ ተሰማ አሉ። ሐኪሙ ከዓዲግራት እስከ ማይጨው ያለውን ሁሉ ስለሚዞር መቀሌ የሚደርሰው በሁለት ሳምንት አንድ ሐሙስ ነበር። መጥቶ ያን እንደ መሠረት ድንጋይ የተስተካከለ ጎን ሲያይ እጅግ ተቆጣ። ከፋለ ግማሹን ብቻ ተረጎመ።

«ድንጋይን ለቦታው ልክ ትጠርበዋለህ፤ ይኼ ግን ቦታውን ራሱ ነው የሚሞላው፣ እጅህን ሰብስብ ይልሃል። ሌላም ብዙ ብሏል፤ አይጠቅምህም።»

ይማም ዕቃውን አጥቦ ሰበሰበ። በማግስቱ ጨርቁን ሲፈታልኝ ግን ዝቅ ብሎ፣ «አጥፍቻለሁ፤ ዐውፍ በይኝ» አለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ገና አልመጣም።

ከዚያ ወዲያ አጠባው ለስላሳ ሆነ። በጨው ውኃ ያጥባል፣ ሐኪሙ የሰጠውን ነጭ ዱቄት ይነሰንሳል፣ ያስራል። አንድ ነገር ግን ማንም ሳያዘው ጨመረ። ግንበኛ የፈረሰ ግድግዳ ሲጠግን መጀመሪያ የጉድጓዱን መልክ በወረቀት ላይ ይወስዳል፤ ድንጋዩን ከዚያ ጋር እያመሳከረ ይጠርባል። ይማምም የመድኃኒት መጠቅለያ የነበረ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የሰም ወረቀት አጥቦ ቁስሌ ላይ ያደርግና ዳር ዳሩን በእርሳስ ይከተላል። ከዚያ በመቀስ ይቆርጠዋል። በጉልበቴ በኩል ባለው ጫፍ ላይ፣ ጠራቢ የድንጋዩን ራስ እንደሚያመለክተው፣ ትንሽ ጥርስ ያወጣለታል። ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ነበር። ወረቀቶቹን በቆቡ ውስጥ አጥፎ ያስቀምጣቸዋል።

«ለምንድነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዓይን ይዋሻል፣ የኔ እናት። በየቀኑ የሚያዩት ነገር መልኩ አይታወቅም።»

ሐምሌ ላይ ሐኪሙ አየኝና ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ። ቁስሉ አሁንም ብጫ ነው፣ አሁንም ይሸታል። በነሐሴ አጋማሽ ሲያየኝ ለከፋለ ረጅም ነገር ነገረው። ከፋለ እናቴን ወደ ጥግ ወሰዳት። መርዙ አጥንት ከገባ ልጅቷ ትሞታለች፣ በሚመጣው ጊዜ ለውጥ ካላየሁ እቆርጠዋለሁ ብሏል አላት። እናቴ አዝላኝ ወደ ቤት ተመለሰች። ከገባን በኋላ «አንድ እግር ያላት ሴት ልጅ ማን ያገባታል?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። እኔ የማስበው ስለ ባል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ በዱላ እደርስ ይሆን እያልኩ እርምጃውን ነበር የምቆጥረው።

እንግዲህ ያ በረዶ የጣለበት ሐሙስ መጣ። ይማም የክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀንና ከእናቴ ጀርባ ተቀበለኝ። የሐኪሙ መኪና ጭቃ ውስጥ ተይዟል፣ እስከ ከሰዓት አይደርስም አሉ። ውስጥ መጋዙና ቢላዎቹ በድስት ሲፈሉ ይሰማል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በትግርኛ «ኣጆኺ ጓለይ፣ ኣጆኺ» ይሉኛል፤ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ብርድ ነበር፤ ነጠላውን ተከናነብኩ።

ይማም ቁስሉን ፈትቶ አየው። ወረቀት አወጣ፤ ሰኞ ሳይሆን በሐሙስ አዲስ ልክ ወሰደ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ የቀሩትን አወጣና ቆጠራቸው። አዲሱን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ። ወደ ከፋለ ሄደ።

«ሐኪሙ ሲመጣ ይኼን አሳይልኝ።»

«ምንድነው?»

«የእግሯ ልክ።»

ከፋለ አንዱን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው። «ይማም፣ ሰውየው ከሌሊት ጀምሮ ጭቃ እየገፋ የሚመጣ ሰው ነው። ወረቀት ቆርጠን ስንጫወት ነበር ልበለው? ያሳፍረኛል።»

«አንተ ቋንቋውን ስጠኝ፤ ማፈሩን እኔ አፍርልሃለሁ።»

«እሱ አንዴ ከወሰነ አይሰማም እኮ።»

«አይስማ። ብቻ ይይ።»

ሐኪሙ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር። እጁን ታጠበ፣ ቁስሉን አየ፣ አሸተተው፣ ራሱን ነቀነቀ። ከፋለ አንድ ወረቀት ለእናቴ አቀረበላት፤ ለመቁረጥ ፈቅጃለሁ የሚል ነው። የእናቴን አውራ ጣት ይዞ ቀለሙ ላይ አደረገው። እናቴ ጣቷን አንስታ ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ ቆመች። ይማምን ነበር የምታየው።

«ጋሽ ይማም፣ ምን ልሁን?»

ይማም ወደ መስኮቱ ሄዶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በመስተዋቱ እርጥበት ላይ ለጠፋቸው፤ ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ ጥርሳቸው ወደ ላይ። ብርሃኑ በኋላቸው ስለነበር ሁሉም በደንብ ታዩ። ሦስተኛውና አራተኛው እኩል ናቸው። ከአምስተኛው በኋላ ግን በእያንዳንዱ ሳምንት አንዲት የገብስ ፍሬ ያህል ገባ ይላሉ። አንደኛው ላይ ብቻ አንዱ ጎን ቀጥ ያለ ነበር፤ ያንንም አልደበቀም።

ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ይማም ከፋለን አየው። ከፋለ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮቱን ሳበ፣ ከዚያ መናገር ጀመረ። ብዙ ተናገረ፤ በእጁም ይማም የጠገነውን ግድግዳ እያሳየ። ምን እንዳለ አላውቅም። በመካከሉ ያችን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማኋት።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ከመስተዋቱ አነሳቸው። እያንዳንዱን በእግሬ ላይ እያስቀመጠ በማስመሪያ ለካ። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ለካው። እሱ በቀለሙና በጠረኑ ሲፈርድ የኖረው ቁስል፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ከዳር ወደ ውስጥ እየዳነ ነበር። ከዚያ ወደ ድስቱ ሄዶ ክዳኑን ገጠመው።

«ሁለት ሳምንት ይላል» አለ ከፋለ። «ሁለት ሳምንት ይጨምርላችኋል። ወረቀቱንም ሰኞና ሐሙስ ውሰድ ብሎሃል።»

እናቴ ቀለም የነካ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ይማም ደግሞ ጨርቁን አንስቶ እንደ ማንኛውም ቀን እግሬን ማሰር ጀመረ። 

በሁለተኛው ሳምንት ቀይ ሥጋ ታየ። ኅዳር ላይ ቁስሉ ገጠመ። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ቀድሞው አይታጠፍም፤ ትንሽ አነክሳለሁ። እግሬ ግን የራሴ ነው፣ ሁለት ልጅ አዝዬበታለሁ፣ ገበያም እሄድበታለሁ። ዘመድ ሁሉ እግሯ ተረፈ ብሎ ደስ አለው። ትምህርቱን ማንም አላነሳውም። እናቴ ደክማ ነበርና መርፌና ክሩን እኔ ተረከብኩ። እኔም አላነሳሁትም።

ይማም ክሊኒኩ ውስጥ አራት ዓመት ተኩል ሠራ። ሐኪሙ ወደ አገሩ ከሄደ በኋላ አዲስ ደንብ መጣ፤ ድሬሰር የሚባል ቁስል አሳሪ ሁሉ እንግሊዝኛ አንብቦና ጽፎ መፈተን አለበት ተባለ። ከፋለ ጥሩ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አልጠቀመም። በፈተናው ቀን ይማም ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና መልሶ ሰጣቸው አሉ። ከመውጣቱ በፊት የቀሩትን ቁስለኞች ጨርቅ ሁሉ ለውጦላቸው ነው የወጣው። ዙሀራ ያን ቀን እንዳልተረበችው ነግራኛለች። ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበችለት፤ እሱም «ወደ ድንጋዩ ልመለስ ነው፤ ያው ነው» አላት።

አሁን 1941 ዓ.ም. ነው። ይማም ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም በምትባል መንደር ከዙሀራ ጋር በኪራይ ቤት ይኖራል። የድንጋይ ፍንጣሪ ገብቶበት ግራ ዓይኑ አያይም። በቀረው ዓይኑ ለቤት ሠሪዎች ድንጋይ ይጠርባል።